ከረጢት ይዞ ባሕር መግባት

እትዬ ጋሪፋሊያ ያገለገለውን ከረጢት በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ ጥቅሉን ላስቲክ ውስጥ ከተቱና አፉን አጥብቀው ቋጠሩት። ከዚያ ከዘንቢላቸው ሥር አስቀምጠው ሎሚ አለበሱበት። የቆሻሻ ገንዳ ከደጃፋቸው ፊት ለፊት አለ። ነገር ግን ድመት ቢጎትተውስ፣ ጎረቤት ቢያየውስ እያሉ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ይህን ጥቅል የሚጥሉት ከመንደሩ ዳር፣ ጠጠራማው የባሕር ዳርቻ ካለቀበት ቦታ ባለ ሌላ ገንዳ ነው።

መንገዱ ሩቅ አልነበረም። እሳቸው ግን በየጥላው ቆም እያሉ ነበር የሚሄዱት። ከፋሲካ በኋላ ሐኪሞች የታመመ አንጀታቸውን ቆርጠው አውጥተው፣ የቀረውን ጫፍ በግራ ሆዳቸው በኩል ወደ ውጭ አውጥተውታል። ሰገራቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ነገር ከሞት አተረፋቸው። እሳቸው ግን ከረጢቱ እንዳይሞላ ብለው ምግብ ተዉ። ጠዋት ሻይ፣ ማታ ደረቅ ዳቦ፣ ሌላ የለም። ቀሚሳቸው ከትከሻቸው ላይ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ሆነ። በወሩ መጨረሻ አቴንስ ሄደው ቀሪውን የካንሰር መድኃኒት እንዲጀምሩ ቀጠሮ አላቸው፤ ቀጠሮው ከዚህ በፊትም ተላልፏል። ሐኪሟ በግልጽ ነግራቸዋለች፤ ክብደት ካልጨመሩ ሰውነታቸው መድኃኒቱን አይችለውም፣ ስለዚህ አይሰጣቸውም። ካልተሰጣቸው ደግሞ ዕጢው ይመለሳል። እትዬ ጋሪፋሊያ ይህን ለማንም አልተናገሩም።

ገንዳው አጠገብ ሲደርሱ አንዲት ወጣት ሴት ባሕሩ ውስጥ ስትዋኝ አዩና ደነገጡ። ኦገስት መግባቱ ነበር። በዚህች የግሪክ ደሴት እነዚህ የወሩ መጀመሪያ ቀናት ድሪሜስ ይባላሉ፤ ባሕር አይገባባቸውም፣ ልብስ አይታጠብባቸውም። በድሪሜስ የታጠበ ጨርቅ ይበሳሳል፣ የዋኘም ገላ ይቆስላል ይባላል።

«አንቺ ልጅ!» ብለው ተጣሩ። «ኧረ ውጪ! ድሪሜስ ነው እኮ!»

«ደህና አደሩ እትዬ! መውጣቴ ነው!»

«ውጪ ስልሽ! እናት የለሽም?»

«አለችኝ! እሷም እንደርስዎ ትጮሃለች!»

እየሳቀች በጠጠሩ ላይ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ወጣች። ሚርሲኒ ነበረች፣ ባለፈው ዓመት ከሰሎኒኪ ከተማ የመጣችው የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ። እትዬ ጋሪፋሊያ ሊቆጧት አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከልጅቷ የዋና ሱሪ በላይ፣ በቀኝ ሆዷ በኩል፣ ልክ የሳቸውን የመሰለ ከረጢት ተለጥፎ ውኃ ያንጠባጥባል።

ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ። ሎሚዎቹ ተንከባለሉ፤ ጥቅሉም አብሮ ወጣ። ሚርሲኒ ሎሚዎቹን ለቃቀመች። ጥቅሉን ስታነሣ ግን እጇ ዘገየ።

«ምንድን ነው እትዬ?» አለች ቀስ ብላ።

«የድመት ቆሻሻ ነው።»

«ድመት አለዎት?»

ሚርሲኒ ጥቅሉን ገንዳው ውስጥ ጣለችውና ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረገችላቸው። አሮጊቷ አልተቀመጡም። እሱ ብቻ የሚሸከመው የመሰለውን ነገር በሌላ ሰው ገላ ላይ ያየ ሰው፣ መጀመሪያ የሚመጣበት ደስታ ሳይሆን ቁጣ ነው፤ እሳቸውም ተቆጡ።

«አታፍሪም?»

«ከማን ልፈር? ከባሕሩ?»

«ከሰው! ከእግዜር! ያን ነገር ይዘሽ ሰው ገላውን የሚታጠብበት ውኃ ትገቢያለሽ?»

«የተዘጋ ነው እትዬ። ውኃ አያስገባም፣ ከውስጡም የሚወጣ የለም። እርስዎ ሲታጠቡ ይፈስሳል እንዴ?»

«እኔ የምታጠበው በጨርቅ ነው፣ ዙሪያ ዙሪያውን። ከፋሲካ ወዲህ ውኃ ላዬ ላይ አልወረደም።» ይህን መናገራቸው ራሳቸውንም ገረማቸው። ተቀመጡ። «ስሚ ልጄ። አንቺ የእኛን ባሕር አታውቂውም። እኔ ባለፈው ዓመት ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። በድሪሜስ ገባሁ። ጓደኛዬ ዛምቤታ ተይ ስትለኝ፣ የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ዳር ቆማ እያየችኝ እኔ እንደ ልጅ ተንቦራጨቅሁ። በብርዱ ወራት ደም ማየት ጀመርኩ። በድሪሜስ የገባ ይበሳል አሉ፤ ይኸው ተበሳሁ።»

«ሐኪምዎ ዕጢው ከመቼ ጀምሮ ነበር አለችዎት?»

«ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም አለች።»

«ታዲያ ያለፈው ዓመት ውኃ ከዚያ በፊት የነበረን ዕጢ እንዴት አድርጎ ያመጣዋል?»

«ሐኪሟ የአቴንስ ልጅ ናት። ስለኛ ባሕር ምን ታውቃለች?»

«ስለ ባሕሩ ላታውቅ ትችላለች። ስለ አንጀትዎ ግን ታውቃለች፤ በእጇ ይዛዋለች።»

እትዬ ጋሪፋሊያ ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰበሰቡት።

«እኔ የታመምኩት ሰሎኒኪ ነው» ብላ ቀጠለች ሚርሲኒ። «ድሪሜስ የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንጀቴ እየቆሰለ ዓመታት ደማሁ፤ በመጨረሻ አወጡት። እርስዎን የበሳዎት ባሕሩ አይደለም፣ የሐኪሟ ቢላዋ ነው። እሱም ባይበሳዎት ኖሮ አሁን አጠገቤ ተቀምጠው አይቆጡኝም ነበር።»

«ነገሩን ቀላል አደረግሽው።»

«ቀላልማ አይደለም። እጮኛዬ ከረጢቱን ያየ ዕለት ጥሩ አድርጎ አቅፎኝ ነበር። በሳምንቱ ስልክ ማንሣት ተወ።» ፎጣዋን ጎተት አድርጋ እትዬ ጋሪፋሊያን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «በጣም ከስተዋል።»

«የፍልሰታ ጾም ነው።»

«ጾሙ የገባው ትናንት ነው እትዬ። ይህ ክሳት የትናንት አይደለም።»

ቄሱም በሽተኛ አይጾምም፣ ብይ ብለዋቸው ነበር። እትዬ ጋሪፋሊያም እሺ፣ እየበላሁ ነው ብለው ዋሽተዋቸዋል። ባሕሩ ጠጠሩን እየጎተተ ይመልሳል።

«ሆስፒታል ሳለሁ ከአጠገቤ አንዲት ሴት ተኝታ ነበር» አለች ሚርሲኒ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጆች ያሏት፣ ቀልደኛ። ከረጢቷ እንዳይሞላ ብላ መብላት ተወች። ቀጥላ ውኃም ተወች። እንደኔ ትልቁ አንጀት የወጣለት ሰው ውኃ ካልጠጣ ኩላሊቱ አይችልም። ነርሶቹ ለመኗት፣ እኔ ለመንኳት። እሺ ትልና ምግቡን በሶፍት ትደብቀዋለች። የሞተች ቀን ከረጢቷ ባዶ ነበር፤ እንደፈለገችው ሆነላት።»

እትዬ ጋሪፋሊያ እጃቸው ሳይታወቃቸው ሆዳቸው ላይ ዐረፈ። ከቀሚሱ ሥር ከረጢቱ ጠፍጣፋ ነበር። በዚህ ጠፍጣፋነት ጠዋት ጠዋት ይደሰቱ ነበር።

«ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ጭንቅ ብሏቸው።

«አብረውኝ ባሕር እንዲገቡ።»

«አብደሻል! በድሪሜስ?»

«በድሪሜስ ይቅር፤ በዚህ አልጨቀጭቅዎትም። ደብረ ታቦር ሲደርስ ድሪሜስ ይወጣል። በዚያ ቀን እንገባለን። ግን እስከዚያ ይበላሉ።»

«ባሕርና መብላት ምን አገናኛቸው?»

«ከረጢቱ ያሳፍረኛል፣ ይፈስሳል፣ ይሸታል ብለው ነው መብላት የተዉት። ባሕር ውስጥ ከያዘ ቤተ ክርስቲያንም ይይዛል፣ ሰው ቤትም ይይዛል። ሳይበሉ ከገቡ ግን ምኑ ተፈተነ? ባዶ ከረጢት ይዞማ ማንም ይዋኛል።»

*

በማግስቱ ሚርሲኒ ሩዝና የተቀቀለ ባቄላ በሳህን ይዛ መጣች። እትዬ ጋሪፋሊያ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ጎረቤት እንዳያይ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧት።

«ባቄላ? ልትገድዪኝ ነው? ይነፋኛል እኮ!»

«እሺ፣ ባቄላውን ለእኔ ይተዉልኝ። ሩዙን ይብሉ።»

«የማልበላውኮ ለዚሁ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ካህኑ ሲጸልዩ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ከሆዴ ድምፅ ወጣ። ልክ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ሽታም ነበረው። ዛምቤታ አጠገቤ ነበረች። ወንበሯን ይዛ ተነሣችና ከምሰሶው ወዲያ ሄዳ ተቀመጠች።» እትዬ ጋሪፋሊያ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ላይ ነበርን። አብረን ባሕር ገብተናል፣ ባሎቻችንን አብረን ቀብረናል። አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥታ ሄደች።»

«ያን ቀን ምን በልተው ነበር?»

«ምንም! ቅዳሴ ልሄድ ስል ከማታው ጀምሬ አልበላሁም።»

«አዩ? አንጀት ባዶውን ሲሆን ጋዝ ይበዛበታል። ድምፁን ያመጣው ምግብ አይደለም፣ ረኃብ ነው። ሰዓት ጠብቆ ጥቂት ጥቂት የበላ ሰው ሆዱ ጸጥ ይላል። አላምጠው፣ አፍዎን ዘግተው፣ ሳይቸኩሉ ይብሉ። ሽታው ደግሞ ማጣበቂያው በደንብ ሲይዝ የለም። የማጣበቂያውን ቀዳዳ በልክ ነው የሚቆርጡት?»

«ሰፋ አድርጌ ነው፣ እንዳይነካኝ።»

«ታዲያ ከዚያ ነው የሚወጣው! ቆዳዎንም ይልጠዋል።»

ልጦትም ነበር። ሚርሲኒ ባየችው ጊዜ ከንፈሯን ነከሰች፤ አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። በሰው ፊት ሆዳቸውን ሲገልጡ ከሐኪሞቹ ሌላ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቷ ቀዳዳውን በልክ እንዴት እንደሚቆርጡ፣ ቆዳውን አድርቀው እንዴት እንደሚለጥፉ፣ ከለጠፉ በኋላ እጃቸውን ጭነው እስኪሞቅ እንዴት እንደሚቆዩ አሳየቻቸው። ለዋና ደግሞ ዙሪያውን በፕላስተር እንደ መስኮት ማያዝ፣ ጋዝ የምታስወጣዋን ትንሽ ቀዳዳ ውኃ እንዳያበላሻት በተለጣፊ መሸፈን፣ ከውኃው ሲወጡ ተለጣፊውን ማንሣት። አሮጊቷ ሁሉንም ሰሙ፤ ግማሹን እንደገና አስደገሟት።

ትልቁን የልብስ ማጠቢያ በርሜል ሞሉት። እትዬ ጋሪፋሊያ በቀሚሳቸው ገቡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ተኮራምተው ተቀመጡ።

«እንደ ዶሮ ቀቀልሽኝ» አሉ።

«ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ገና አልበሰሉም።»

ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ከረጢቱ እንደተለጠፈ ነበር። እትዬ ጋሪፋሊያ ጠርዙን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ደግመው ዳሰሱት። ከዚያም ፎጣውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከፋሲካ ወዲህ መላ ገላቸው ውኃ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ያን ማታ ሩዙን ጨረሱት። ሌሊቱንም ከረጢቱ ሞላ፤ ተነሥተው ለወጡትና ተመልሰው ተኙ። የፈሩት ነገር መጥቶ፣ ሆኖ፣ አልፎ ሲያዩት ትንሽ ነገር ነበር። አብዛኛው ፍርሃታችን እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት ሳናየው ስለምንሸሸው ይገዝፋል። ችግሩ፣ ስንሸሽ የምንከፍለው ዋጋ ከራሱ ከነገሩ መብለጡ ነው።

*

ደብረ ታቦር ደረሰ። እትዬ ጋሪፋሊያ ቀድመው በልተው፣ ለውጠው፣ ፕላስተሩን ዙሪያውን አስይዘው፣ ከላዩ ጥቁር የዋና ልብሳቸውን ለበሱ። ልብሱ ሰፍቷቸው ሚርሲኒ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዘችላቸው።

የመንደሩ አሮጊቶች እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ እስከ ደረታቸው ባሕሩ ውስጥ በክብ ቆመው ያወራሉ። እትዬ ጋሪፋሊያ በሚርሲኒ ክንድ ተደግፈው ሲገቡ ወሬው ቆመ።

«ማናት ያቺ?» አለ አንድ ድምፅ። «ጋሪፋሊያ ናት እንዴ?»

«ጋሪፋሊያማ ወፍራም ነበረች።»

«ጆሮዬ አልከሳም፣ ይሰማል» አሉ እትዬ ጋሪፋሊያ። ውኃው ወገባቸውን ያዘ፤ ሆዳቸው ጋ ሲደርስ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ቀዝቃዛ ነበር። የረሱት ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ ባሕሩ ሰውን ያነሣል። እግራቸው ቀለለ። ያ የደከመ ገላ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከበዳቸውም።

እትዬ ዛምቤታ ከክቡ ማዶ ነበሩ። ባርኔጣቸውን ወደ ታች ደፍተው ውኃውን ያያሉ።

ያኔ ነው የሆነው። የጋዝ ማስወጫዋ ስለተሸፈነች ከረጢቱ ቀስ ብሎ ተነፋ፤ የሰፋው የዋና ልብስ ከፊት ለፊት እንደ ፊኛ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው ሆድሽ ላይ ያበጠው?» አሉ አንዲት ሴትዮ።

እትዬ ጋሪፋሊያ ወደ ዳርቻው አዩ። ጥቂት እርምጃ ነበር፤ ግን የማይደረስበት መሰላቸው። ሚርሲኒ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ክንዷን ጨበጥ አድርገው አስቆሟት።

«ከረጢት ነው» አሉ። «ካንሰር ይዞኝ አንጀቴን ወደ ውጭ አወጡት። ከእንግዲህ የምጸዳዳው በዚህ ነው። አሁን የገባበት ግን ፈስ ብቻ ነው፤ አትፍሪ።»

ማንም አልሳቀም።

«ይህን ይዘሽ እዚህ?» አሉ ሴትዮዋ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። «እኛ ፊታችንን የምናርስበት ውኃ ውስጥ?»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ሚርሲኒ፣ «ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ቆመው አይቼዎታለሁ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ግን አላየሁም። የእትዬ ጋሪፋሊያ ታሽጓል። የእርስዎስ?»

አንዲት ባርኔጣ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ሌላዋ። ሳቁ በክቡ ዙሪያ ተዛመተ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ጀርባቸውን ሰጥተው ወጡ፤ ፎጣቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ከክቡ ጋር አልቆሙም። ሁሉን ሰው ማሳመን አይቻልም። እትዬ ጋሪፋሊያም የሴትዮዋን ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ አዩት፤ ጎድቷቸዋል። ግን ከውኃው አልወጡም።

እትዬ ዛምቤታ በውኃው ውስጥ እየተራመዱ መጡ።

«ወንበሬን ያራቅሁት…» ብለው ጀመሩና አቆሙ።

«አውቃለሁ። ሸተትኩሽ።»

«ሽታው አይደለም፣ ቂል! እየሞትሽ መስሎኝ ነው። ባሌ ሊሞት ሲል እንዲህ ነበር የከሳው። ሳምንት በሳምንት ስታልቂ እያየሁ አጠገብሽ መቀመጥ አልቻልኩም። ምን አለ ብትነግሪኝ? ምን አለ?»

«ምን ብዬ?»

«ይቺን፣ ፈሷን!»

እትዬ ጋሪፋሊያ ደረታቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

«እሞት ይሆናል ዛምቤታ» አሉ ሳቁ ሲበርድ። «መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ማንም አልነገረኝም። ሳልበላ ከሄድኩ ግን አይሰጡኝም።»

እትዬ ዛምቤታ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእትዬ ጋሪፋሊያ ራስ ላይ ደፉት፤ ፀሐዩ ከርሮ ነበር።

*

ያን ቀን ምሳ እትዬ ዛምቤታ ቤት ተበላ። በአገሩ ሥርዓት በደብረ ታቦር ዓሣ ይፈቀዳልና የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። ሚርሲኒ ጨው ያለበት መረቅ ደጋግማ ትጠጣለች፤ እሷን የሚያሰጋት የውኃና የጨው ማነስ ነው። እትዬ ዛምቤታ ስለ ከረጢቱ ይጠይቃሉ፤ ሲተኙበትስ፣ ቀበቶ ሲታጠቁስ፣ አውቶቡስ ውስጥስ? አንዳንዱ ጥያቄ የሚያሳፍር ነበር፤ ግን ሁሉም መልስ አገኘ።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የተለወጠው ነገር ብዙ አይደለም። በድሪሜስ ዛሬም ማንም ባሕር አይገባም። ግን እትዬ ጋሪፋሊያ ጥቅላቸውን ደጃፋቸው ፊት ባለው ገንዳ መጣል ጀመሩ። በየቀኑ ይታጠባሉ፤ የተላጠው ቆዳቸው ዳነ። ቅዳሴ የሚሄዱት በልተው ነው፤ ሆዳቸውም ዝም ይላል። ጉንጫቸው ጥቂት ሞላ፤ ለቀጠሮው የሚበቃ መሆኑን ሚዛኑ ይናገራል። ዕጢውን ባሕር አያጠፋውም፣ ሩዝም አያጠፋውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ነገር ግን በሽታውን ለመግጠም የሚሄድ ሰው በእፍረት ተርቦ መሄድ የለበትም። አንጀቱ በሆዱ በኩል የወጣለት ሰው ሌላ ፍጡር አልሆነም። መብላት፣ መታጠብ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ውስጥ ቆሞ መሳቅ እንደማንም ሰው ይገባዋል። የሚያስፈልገው የሚያሳየው ሰውና በደንብ የተለጠፈ ከረጢት ነው።

በዚያ ምሳ ላይ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም ነበር። እትዬ ዛምቤታ ወደ አቴንስ በምትወስዳቸው መርከብ አብረዋቸው እንደሚሄዱ እየተናገሩ ነበር፤ እትዬ ጋሪፋሊያ ደግሞ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው ዓሣውን ከጅራቱ በኩል በቢላዋ ጫፍ ከፈቱ። አጥንቱን በሁለት ጣታቸው ያዙና ሳይሰበር ከራሱ እስከ ጅራቱ ቀስ ብለው አነሡት። ከሳህኑ ዳር አጋደሙትና መብላት ጀመሩ።